ካይት ሰፊው መሐንዲስ ሎረንስ ሃርግሬቭ

ባለፈው ሰሞን ለሳይንስ ትምህርት መርጃ እንዲሆነን ከሸምበቆና ከላስቲክ ካይት ሠርተን ነበር። በጮቄ በኩል ነፋሱ ሲበረታ ግን እንደ እንዝርት ሾረና መሬት ላይ ተፈጠፈጠ። ስቀን ስንጨርስ ይህን ችግር የፈታው ማነው ብለን ጠየቅን። ያገኘነው ሎረንስ ሃርግሬቭን ነው።

ሃርግሬቭ እ.ኤ.አ. በ1850 በእንግሊዝ አገር ግሪኒች ተወለደ። በ1865 ወደ አውስትራሊያ ተሻገረ። እዚያም ማትሪክ ወደቀ፤ ከኛም መካከል ይህ የደረሰበት አይጠፋም። እሱ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1867 በአንድ የመርከብ ኩባንያ ውስጥ የምሕንድስና ሙያ መልመድ ጀመረ። ኋላም በሲድኒ የከዋክብት መመልከቻ እስከ 1883 በረዳትነት ሠርቶ፣ ቀሪ ዕድሜውን ለበረራ ምርምር ሰጠ።

በ1893 የሳጥን ካይትን ፈጠረ። ጠፍጣፋ ካይት ጭራ ከሌለው ቶሎ ይሾራል። ሃርግሬቭ ግን ከፊትና ከኋላ ክፍት የሆኑ ሁለት ሳጥኖችን በቀጭን እንጨት አያይዞ ዙሪያቸውን ጨርቅ አለበሳቸው። የጎን ግድግዳዎቹ ግራ ቀኝ እንዳይል ስለሚይዙት ካይቱ ያለ ጭራ በብርቱ ነፋስ ጸንቶ ይቆማል። በኖቬምበር 12 ቀን 1894 በስታንዌል ፓርክ የባሕር ዳርቻ አራት ካይቶች ቀጣጥሎ ተንጠለጠለባቸውና 5 ሜትር ያህል ከመሬት ተነሣ። ነፋሱ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

እኛን ይበልጥ የነካን ሌላ ነገር ነው። ለፈጠራው የባለቤትነት መብት አልጠየቀም፤ ሥዕሉንና ልኩን አሳትሞ ለሁሉም ሰጠ። የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቶች መለኪያዎቻቸውን በሳጥን ካይት ወደ ሰማይ ላኩ። ሳንቶስ ዱሞንት በ1906 በፓሪስ ያበረረው አውሮፕላንም ክንፉ በሳጥን ካይት አምሳል የተሠራ ነበር። ሃርግሬቭ በ1915 ልጁ በጋሊፖሊ ጦርነት ሞተበት፤ እሱም በዚያው ዓመት አረፈ።

ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር ከፍታ በላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ለቀላል ነፋስ ሰፋ ያለና ስስ ጨርቅ ያሻል፤ ለብርቱው ደግሞ ሳጥኑ፣ ስፌቱም ድርብ ይሁን። ሁለተኛውን ካይታችንን በዚህ መንገድ ከአቡጀዲ ሰፋነው፤ ቆመልን።

ጓዶች፣ ዕውቀት ደብቆ የሚይዝ መምህር የተማሪውን ክንፍ ይሰብራል። የሰፋንበት ልክ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ተለጥፏል፤ የፈለገ ይቅዳ።