የኢንሱሊንን ቅርጽ 34 ዓመት የፈለገችው ዶሮቲ ሆጅኪን

ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ኢንሱሊን ይዞ ወደ ገጠር የሚመለስ የስኳር ታማሚ ቤቱ ማቀዝቀዣ ከሌለው ብልቃጡን እርጥብ አሸዋ ባለበት ማሰሮ አድርጎ ጥላ ቦታ ያስቀምጠዋል። ሙቀት ኢንሱሊንን እንደሚያበላሸው ያውቃላ። የሚበላሸው ግን ምኑ ነው? ቅርጹ! ያንን ቅርጽ ለዓለም ያሳየችው ደግሞ ዶሮቲ ሆጅኪን ናት።

እንግሊዛዊቷ ዶሮቲ እ.ኤ.አ. በ1910 የተወለደችው ካይሮ ነው፤ የኛው ዓባይ ከሰከላ ተነስቶ የሚደርስባት ከተማ። አባቷ በግብፅና በሱዳን ይሠራ ነበር። እሷ ኦክስፎርድ ኬሚስትሪ ተማረች። በ24 ዓመቷ የእጅ መገጣጠሚያዎቿ በሪህ ያብጡ ጀመር፤ ሕመሙ ዕድሜ ልኳን አልለቀቃትም። በእነዚያ ጣቶች ነው እንግዲህ የኢንሱሊንን ጥቃቅን ክሪስታሎች እያነሳች በኤክስሬይ ፎቶ ያነሳችው። የመጀመሪያው ፎቶ በ1935 ወጣ።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። የቆሽት ሕዋስ ከዘረመሉ የተቀዳውን ትእዛዝ እያነበበ አሚኖ አሲዶችን እንደ ዶቃ አንድ በአንድ ይሰካል። ክሩ ይጣጠፋል፣ መሃሉ ተቆርጦ ይወጣል፣ 51 አሚኖ አሲድ ያላቸው ሁለት የተያያዙ ሰንሰለቶች ይቀራሉ። የዶቃዎቹን ቅደም ተከተል በ1950ዎቹ ፍሬድሪክ ሳንገር ደረሰበት። አተጣጠፉን ግን ገና ማንም አላየውም። ኢንሱሊን ደግሞ በሰውነታችን ሕዋሳት ላይ ያለውን ተቀባይ የሚከፍተው፣ ቁልፍ ከጓጉንቸር ጋር እንደሚገጥመው፣ በቅርጹ ነው።

ዶሮቲ በመሃል የፔኒሲሊንንና የቫይታሚን ቢ12ን ቅርጽ ፈታች። በ1964 የኖቤል ሽልማት ስታገኝ ጋና ነበረች፤ ባሏ ቶማስ የአፍሪካ ታሪክ ምሁር ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያርፍ ነበር። እሷ ግን ወደ ኢንሱሊኗ ተመለሰች። ወደ 800 የሚጠጉ አቶሞች የያዘው ቅርጽ በ1969 ተፈታ።

ታዲያ ብልቃጡ ፀሐይ ላይ ሲውል ዶቃዎቹ አይጠፉም፤ አተጣጠፋቸው ነው የሚፈርሰው። የተቀቀለ እንቁላል ጥሬ እንደማይሆን ሁሉ ያም ቢቀዘቅዝ ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም። መርፌው ይወጋል፣ ስኳሩ ግን አይወርድም። በረዶ የሠራ ኢንሱሊንም እንዲሁ ነው።

ዶሮቲ በ1994 በ84 ዓመቷ አረፈች።