መድኃኒቱን የጠረጠረው ሐኪም፤ ጆናታን ሐችንሰን

አርሴኒክ ሲባል ሰው በስውር የሚገደልበት መርዝ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሐኪም የመሆን ምኞት ስላለኝ የጆናታን ሐችንሰንን ታሪክ ባነብ ግን፣ ይኸው መርዝ ብዙ ዘመን በሐኪም ትእዛዝ ሲጠጣ እንደ ኖረ ተረዳሁ። ስለዚህ የዚህን ሰው ሕይወት ለጓደኞቼ ባጭሩ ለመጻፍ አሰብሁ።

ሐችንሰን በ1828 ዓ. ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በእንግሊዝ አገር ሰልቢ በምትባል ከተማ ተወለደ። የሕክምና ትምህርቱን በሎንዶን በቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ፈጽሞ፣ በሎንዶን ሆስፒታል ብዙ ዓመት በቀዶ ጥገና ሐኪምነት አገለገለ። ያየውን በሽታ ሁሉ መዝግቦና በሥዕል አስሥሎ የማስቀመጥ ልማድ ነበረው።

በዚያ ዘመን፣ ቶማስ ፋውለር በ1786 ያስተዋወቀው አርሴኒክ ያለበት ጠብታ በጣም የታወቀ መድኃኒት ነበር። ሶሪያሲስ የሚባለው ቆዳን የሚያቀላና የሚያስቀርፍ በሽታ የያዛቸው ሰዎች ለዓመታት ይወስዱት ነበር። ሐችንሰንም ራሱ አርሴኒክ ያዝ ነበር። ነገር ግን መድኃኒቱን ብዙ ዘመን ከወሰዱት አንዳንዶቹ መዳፋቸውና የውስጥ እግራቸው እንደ ኪንታሮት እየጠጠረ፣ በኋላም የቆዳ ነቀርሳ (ካንሰር) ሲነሣባቸው አስተዋለ። በ1887ም ይህን ለሎንዶን የፓቶሎጂ ማኅበር አቀረበ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ነው ማለት ራስንና ባልደረቦችን መክሰስ ነበርና።

ሆኖም ይኸው ሰው የሥጋ ደዌ የሚመጣው በሚገባ ያልተዘጋጀ ዓሣ በመብላት ነው ብሎ እስከ ሽምግልናው ተከራከረ። የበሽታው ባክቴሪያ ግን ገና በ1873 በኖርዌዩ ሐኪም በሐንሰን ተገኝቶ ነበር። መድኃኒቱን ለመጠርጠር የደፈረ ሰው የራሱን አሳብ መጠርጠር አቃተው። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ይህ ነው።

ሐችንሰን በ1889 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1908 የሰር ማዕርግ ተቀበለ፤ በ1913 ዐረፈ።

የፋውለር ጠብታ ዛሬ ቀርቷል፤ ጉዳዩ ግን አላለፈም። አርሴኒክ ከዓለት እየሟሟ ወደ ጕድጓድ ውሃ ይገባል። በባንግላዴሽ ሕፃናትን ከተቅማጥ ለማዳን ከ1970ዎቹ ጀምሮ እጅግ ብዙ ጕድጓዶች ተቈፈሩ፤ በኋላ ግን ሐችንሰን ያየው የጠጠረ መዳፍና የቆዳ ነቀርሳ በመንደሮቹ ታየ። በአገራችንም በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ ጕድጓዶች፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው በሊትር 10 ማይክሮግራም የበለጠ አርሴኒክ ተገኝቷል። አርሴኒክ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ውሃውን ማፍላትም አያስወግደውም። የሚታወቀው በምርመራ ብቻ ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ግን ሐኪም ለመሆን ብበቃ፣ ጥርጣሬውን ከራሴ አሳብ ለመጀመር ቈርጫለሁ።