ኤቢ ናታን፡ ከባሕር ላይ ሰላምን ያሰራጨው ሰው

መርከብ እህል ታጓጉዛለች፤ ነዳጅ ታመላልሳለች፤ ሲከፋም ጦር ትሸከማለች። በሜዲትራኒያን ባሕር፣ ከቴልአቪቭ ዳርቻ ፈንጠር ብላ መልሕቋን የጣለች አንዲት አሮጌ መርከብ ግን ለሃያ ዓመታት ያህል ዘፈንና የሰላም ጥሪ ስታሰማ ኖራለች። የመርከቧ ባለቤት ኤቢ ናታን ይባላል። የጦር አብራሪ ነበር፤ የምግብ ቤት ባለቤት ነበር፤ ለእምነቱ ሲል ደጋግሞ ወኅኒ የወረደ እስረኛም ነበር። በ1977ቱ ድርቅ ወገን በረሃብ ሲያልቅ፣ በኢትዮጵያና በእስራኤል መካከል የዲፕሎማሲ ግንኙነት ባልነበረበት ወቅት፣ ድንኳን ይዞ ወደ ሀገራችን ከመጡት መካከልም አንዱ ነው።

ኤቢ ናታን በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 21 ቀን 1919 ዓ.ም. በኢራን፣ የነዳጅ ማጣሪያ ባለባት የአባዳን ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። የወጣትነት ዘመኑን ያሳለፈው ግን በህንድ፣ ያኔ ቦምቤይ ዛሬ ሙምባይ በምትባለው ከተማ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ባልተቋጨበት በ1936 ዓ.ም. ወደ ብሪታኒያ ንጉሣዊ አየር ኃይል ገብቶ አብራሪ ሆነ። በ1940 ዓ.ም. እስራኤል በተመሠረተች ማግሥት ጦርነት ሲነሣ፣ ከየሀገሩ በበጎ ፈቃድ ከተሰባሰቡት አብራሪዎች ጋር ተሰልፎ ተዋጋ።

ይህ ጦርነት የሕይወቱን አቅጣጫ ቀየረው። ከሰማይ ሆኖ ቦምብ ለሚጥል ሰው መንደር ማለት ከክንፉ በታች የምትታይ ትንሽ ነጥብ ናት፤ ማን እንደሞተ፣ የማን ቤት እንደተቃጠለ አይታየውም። ኤቢ ናታን ግን በኋላ እንደተረከው፣ ከአየር የተመታውን መንደር ወርዶ በእግሩ ተመለከተው። ያየው ጥፋት ከአእምሮው አልወጣም። ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ ሁሉ ከዚያች ዕለት የሚመዘዝ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጦርነቱ ሲያበቃ እዚያው እስራኤል ቀረ። ኤል አል በተባለው የሀገሪቱ አየር መንገድ ሠራ፤ ቆይቶም በቴልአቪቭ ካሊፎርኒያ የሚል ስያሜ የሰጠውን ምግብ ቤት ከፈተ። ምግብ ቤቱ የአርቲስቶች፣ የጋዜጠኞችና የወግ ወዳዶች መናኸሪያ ሆነ። ገንዘብም ዝናም ነበረው። ተደላድሎ ለመኖር የጎደለው ነገር አልነበረም።

በጥቅምት 1958 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ለሀገሪቱ ምክር ቤት ተወዳደረ። ቢመረጥ ወደ ግብፅ በርሮ ከፕሬዚዳንት ጋማል አብደል ናስር ጋር ስለ ሰላም እንደሚነጋገር ለሕዝቡ ቃል ገባ። ያን ጊዜ ሁለቱ ሀገራት በጦርነት የሚፈላለጉ ባላንጣዎች ነበሩና ብዙዎች እንደ ቀልድ ቆጠሩት። አልተመረጠም። ቃሉን ግን አላጠፈም። የሰላም ጥያቄ ያዘለ ጽሑፍ አዘጋጅቶ የብዙ ሰው ፊርማ አሰባሰበ፤ አንዲት ባለ ድርብ ክንፍ አሮጌ አውሮፕላን ገዝቶም ሻሎም 1 አላት። ሻሎም በዕብራይስጥ ሰላም ማለት ነው።

የካቲት 21 ቀን 1958 ዓ.ም. ብቻውን ተነሥቶ ወደ ግብፅ በረረ። አውሮፕላኗ ተከስክሳ እርሱም እንደሞተ የሚገልጽ ወሬ በእስራኤል ተነዛ፤ ሕዝቡም አዘነ። እርሱ ግን ፖርት ሰይድ በሰላም አርፎ ነበር። የግብፅ ባለ ሥልጣናት በእንግድነት ተቀበሉት፤ ናስርን ማግኘት ግን አልፈቀዱለትም። በማግሥቱ ወደ መጣበት ሸኙት። ሞተ ያሉት ሰው በሕይወት ሲመለስ ብዙ ሕዝብ በደስታ ተቀበለው። ከስድስቱ ቀን ጦርነት በኋላ፣ በ1959 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ግብፅ ቢበርርም አሁንም የተመኘው አልተሳካም፤ ሲመለስም ለእስር ተዳረገ።

አንድ ሰው በአንዲት አውሮፕላን መልእክት ቢያደርስ ሰሚው ጥቂት ነው። ኤቢ ናታን ብዙ ሰው ዘንድ የሚደርስበትን መንገድ መፈለግ ጀመረ። በዚያው ዘመን በአውሮፓ የባሕር ላይ ራዲዮ የሚባል ነገር ተስፋፍቶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙ የአውሮፓ ሀገራት የራዲዮ ሥርጭት በመንግሥት ወይም መንግሥት በፈቀደለት ተቋም እጅ ብቻ ነበር። ወጣቱ የሚወደውን አዲስ ሙዚቃ እንደ ልብ ማግኘት አይችልም። የአንድ ሀገር ሕግ ደግሞ ከዳርቻው ጥቂት ማይሎች ዘልቆ ያበቃል። ይህን ያስተዋሉ ሰዎች አሮጌ መርከብ እየገዙ፣ ረጅም የአንቴና ምሰሶ እየተከሉ፣ ከሕጉ ክልል ውጭ መልሕቅ ጥለው ማሰራጨት ጀመሩ። በመጋቢት 1956 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ዳርቻ ሥርጭት የጀመረው ራዲዮ ካሮላይን ከሁሉም የታወቀው ነው። ሹማምንቱ እነዚህን ጣቢያዎች የባሕር ወንበዴ ራዲዮ ብለው ጠሯቸው። ብሪታኒያ በነሐሴ 1959 ዓ.ም. ዜጎቿ ለእነርሱ እንዳይሠሩ፣ ስንቅም እንዳያቀብሉ የሚከለክል ሕግ አወጣች።

ባሕር ለራዲዮ ምቹ ነው። ጨዋማ ውኃ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያስተላልፍ የመካከለኛ ሞገድ ሥርጭት በላዩ ላይ ሩቅ ይጓዛል። ኑሮው ግን ቀላል አይደለም። መብራቱም ማሰራጫውም በጄኔሬተር ይሠራል፤ ናፍጣ፣ የመጠጥ ውኃና ምግብ በጀልባ ይመላለሳል፤ ማዕበል ሲነሣ ጀልባዋ ትቀራለች። አስተዋዋቂው መርከቧ ወዲያና ወዲህ እየዋለለች ሸክላውን ያጫውታል። ከእነዚህ ጣቢያዎች የሚበዙት የተቋቋሙት ለሙዚቃና ለማስታወቂያ ገቢ ነበር። ኤቢ ናታን ዘዴውን ወስዶ ለሌላ ዓላማ አዋለው።

በ1961 ዓ.ም. ሲቶ የተባለች የሆላንድ የጭነት መርከብ ተገዛች። የመግዣው ገንዘብ በከፊል ሰላም ፈላጊ ከሆኑ ሰዎች የተዋጣ ነበር። መርከቧ ወደ ኒውዮርክ ተሻግራ ማሰራጫ እስኪገጠምላትና ቀሪው ገንዘብ እስኪሟላ ዓመታት ፈጀ። ድጋፍ ከሰጡት ዝነኞች መካከል ሙዚቀኛው ጆን ሌነን ይገኝበታል። ግንቦት 18 ቀን 1965 ዓ.ም. የሰላም ድምፅ የተባለው ጣቢያ ሥርጭቱን በይፋ ጀመረ።

ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላው ጦርነት መጣ። በመስከረም 1966 ዓ.ም. ማብቂያ ግብፅና ሶርያ ከእስራኤል ጋር ሲዋጉ የሰላም ድምፅ ወታደሮች መተኮስ እንዲያቆሙ ተማጸነ። መድፍ በሚያጓራበት ሰዓት ማን ይሰማዋል? ጦርነቱ የራሱን መንገድ ሄደ፤ ጣቢያውም ገንዘብ አልቆበት በኅዳር ወር ዝም አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸነፈ የተባለው ያኔ ነው። ኤቢ ናታን ግን ዳግም ገንዘብ አሰባስቦ በ1967 ዓ.ም. መርከቧን ወደ ሥራ መለሳት።

ከዚያ በኋላ በመካከለኛ ሞገድ 1540 ኪሎ ኸርዝና በኤፍ ኤም 100 የሚሰማው ድምፅ የአካባቢው ወጣት የዕለት ተዕለት ጓደኛ ሆነ። አስተዋዋቂዎቹ በአብዛኛው ከብሪታኒያ የመጡ ወጣቶች ሲሆኑ፣ የሚሰሙት ዘፈኖች የዘመኑ የእንግሊዝኛ ዘፈኖች ነበሩ። በዘፈኖቹ መካከል የሰላም መልእክት ይተላለፋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ በግጭት ለሞቱት ሁሉ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁኑ፣ ጥቂት የጸጥታ ጊዜ ይሰጣል። እስራኤላዊውም ዐረቡም አንድ ጣቢያ ከፍቶ፣ አንድ ዘፈን ሰምቶ፣ በአንድ ሰዓት ዝም ይላል። የማስታወቂያው ገቢ በደህናው ጊዜ ጥሩ ስለነበር ጣቢያው ራሱን ችሎ፣ ለእርዳታ ሥራም ይተርፍ ነበር። በ1968 ዓ.ም. የእስራኤል መንግሥት ራዲዮ የዘፈን ጣቢያ የከፈተው አድማጩን ከዚህች መርከብ ለመመለስ ነው ይባላል።

ኤቢ ናታን በቃል ብቻ የሚኖር ሰው አልነበረም። በናይጄሪያ የቢያፍራ ጦርነት ሕፃናት በረሃብ ሲረግፉ እርዳታ አድርሷል። ጓቲማላ በ1968 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ፣ ካምቦዲያም በጦርነትና በረሃብ ስትማቅቅ እዚያው ተገኝቷል። ከዚያም ተራው የእኛ ሆነ።

የ1977ቱን ድርቅ በወሎና በትግራይ፣ በሰሜን ሸዋና በሌሎችም አካባቢዎች የነበሩ አረጋውያን ዛሬም ያስታውሱታል። ኮረምና ባቲ የመከራ ስም ሆነው በዓለም የታወቁት ያኔ ነው። ገበሬው በሬውን ሸጦ፣ ዘሩን በልቶ፣ በመጨረሻ ቤቱን ዘግቶ እህል ይገኝበታል ወደተባለው መንገድ ወጣ። ዓለም ያን እልቂት በቴሌቪዥን ያየው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ ከእስራኤል ጋር የነበራትን የዲፕሎማሲ ግንኙነት ካቋረጠች በዚያ ወቅት 11 ዓመት ሆኗት ነበር፤ ኤምባሲ የለም፣ አምባሳደር የለም። ኤቢ ናታን ግን ከእስራኤል ሕዝብ ገንዘብ አሰባስቦ መጣ፤ ቀዬአቸውን ጥለው ለተሰደዱ ወገኖች የድንኳን መጠለያ እንዲቆም አደረገ። ቼክ ልኮ መቀመጥ ይችል ነበር። እርሱ ግን የደረሰውን በዓይኑ ማየት ፈለገ። በዚያው ሰሞን ከጎንደርና ከአካባቢው በሱዳን በኩል የወጡ ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤላውያን በድብቅ በረራ ወደ እስራኤል ይገቡ እንደነበር ስናስታውስ፣ የሁለቱ ሀገራት ሕዝቦች መንግሥታቱ ባልተነጋገሩበት ጊዜም በመከራ ይገናኙ እንደነበር እንረዳለን። የዲፕሎማሲ ግንኙነቱ የታደሰው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1982 ዓ.ም. ነው።

በሀገሩ ፖለቲካ ላይ ያለውን ቅሬታ የሚገልጸው በረሃብ አድማ ነበር። በ1970 ዓ.ም. በተያዙ ግዛቶች ላይ የሚካሄደውን ሰፈራ በመቃወም ለ45 ቀናት እህል ሳይቀምስ ቆየ፤ አድማውን ያቆመው የሀገሪቱ ምክር ቤት እንዲያቆም ከጠየቀው በኋላ ነው። ከዚያም እስራኤል በአሸባሪነት ከፈረጀችው የፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅት ጋር መገናኘት በሕግ ሲከለከል፣ ሕጉን ሆን ብሎ ጥሶ ሊቀመንበሩን ያሲር አራፋትን አገኘ። ጠላት ከተባለው ጋር ካልተነጋገሩ ከማን ጋር ይታረቃሉ የሚል ነበር ክርክሩ። በ1982 ዓ.ም. ታሰረ። ተፈትቶም ከአራፋት ጋር መገናኘቱን አልተወም። በመስከረም 1984 ዓ.ም. የ18 ወራት እስራት ተፈረደበት፤ ፕሬዚዳንት ኻይም ኸርዞግ ቅጣቱን አቅልለውለት ከስድስት ወር በላይ ታስሮ በመጋቢት ወጣ።

ሕጉ ራሱ ብዙም አልቆየም። በጥር 1985 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ሻረው። መስከረም 3 ቀን 1986 ዓ.ም. ደግሞ የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትርና ያሲር አራፋት በዋሽንግተን በዓለም ፊት ተጨባበጡ። ኤቢ ናታን ለታሰረበት ነገር መንግሥት ራሱ እጁን ዘረጋ።

በዚያው ጊዜ መርከቧ በዕዳ ተይዛ ነበር። ማስታወቂያ ቀንሷል፤ ናፍጣና ጥገና ግን አልቀነሰም። ባለቤቷ ሰላም መጣ፣ የእኔም ሥራ ተጠናቀቀ በሚል እምነት መስከረም 21 ቀን 1986 ዓ.ም. ሥርጭቱን ዘጋ። መርከቧ ወደብ ላይ ቆማ የሰላም ሙዚየም እንድትሆን ተመኝቶ ነበር፤ አልተሳካም። ኅዳር 19 ቀን 1986 ዓ.ም. ወደ ጥልቁ ባሕር ተጎትታ በገዛ ፈቃዱ አሰመጣት። የባሕር ላይ ራዲዮን ታሪክ የሚከታተሉ ሰዎች ያቺን ዕለት ዛሬም በሐዘን ያነሷታል።

ሰላሙ ግን እርሱ እንዳሰበው አልሆነም። ከሁለት ዓመት በኋላ ስምምነቱን የፈረሙት ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን በጥይት ተገደሉ፤ ደም መፋሰሱም ቀጠለ። ኤቢ ናታን በበኩሉ በስትሮክ ተመትቶ ሰውነቱ በከፊል አልታዘዝ ብሎት፣ የቀረ ዕድሜውን በእንክብካቤ ማዕከል አሳለፈ። ድምፁን ለሃያ ዓመታት ያሰማ ሰው መናገር እንኳ ከበደው። ከማረፉ አስቀድሞ የቴልአቪቭ ከተማ ለሥራው መታሰቢያ የሚሆን ሰሌዳ በባሕር ዳርቻው መንገድ ላይ አኖረችለት።

ነሐሴ 21 ቀን 2000 ዓ.ም. በ81 ዓመቱ በቴልአቪቭ አረፈ። ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር ላሰላ ሰው አንድ ግጥምጥሞሽ ያገኛል፤ የተወለደው በ21፣ ወደ ግብፅ የበረረው በ21፣ ራዲዮውን የዘጋው በ21፣ ያረፈውም በ21 ነው። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ሞክሬአለሁ የሚል ትርጉም ያለው አንድ ቃል ብቻ እንዲጻፍለት ይመኝ ነበር፤ ምኞቱም ተፈጽሞለታል። ተሳክቶለታል ወይስ አልተሳካለትም የሚለውን ለሌሎች ትቶ፣ በዚያች አንዲት ቃል ሥር ተኝቷል።