ከአፈር ወጥቶ ወደ አፈር የሚመለስ ሀብት፤ የፕሮፌሰር ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ሕይወትና ሥራ

ከበቆሎ፣ ከድንችና ከካሳቫ ስታርች የሚሠራ ፕላስቲክ ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች ገበያ ላይ ውሏል። ስታርቹ ከውኃና ከግሊሰሪን ጋር ተደባልቆ በሙቀት ሲታሽ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፤ ጥንካሬ እንዲኖረውም ብዙውን ጊዜ ሌላ በስባሽ ፕላስቲክ ይጨመርበታል። በቂ ሙቀትና እርጥበት ባለው የብስባሽ ጉድጓድ ሲጣል ጥቃቅን ተሕዋስያን ይበሉታል። ከነዳጅ ዘይት የሚሠራው የተለመደ ፕላስቲክ ግን ማሳ ላይ ወድቆ ለብዙ ዘመን ሳይበሰብስ ይቆያል።

ለፋብሪካ የሚሆን ጥሬ ዕቃ ከገበሬው ማሳ ሊገኝ ይችላል የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። ይህን ሐሳብ በሥራ ለማሳየት ከደከሙት ሰዎች መካከል አንዱ ጥቁር አሜሪካዊው የእርሻ ሊቅ ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ነበሩ።

ካርቨር የተወለዱት በ1864 እ.ኤ.አ. ገደማ በሚዙሪ ግዛት ዳይመንድ ግሮቭ በተባለች መንደር አጠገብ ሲሆን፣ እናታቸው በባርነት የተያዙ ስለነበሩ እሳቸውም በባርነት ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ ወንበዴዎች እናትና ልጅን ዘርፈው ወሰዷቸው። ሕፃኑ በፈረስ ልዋጭ እንደተመለሰ ይነገራል፤ የእናቲቱ ደብዛ ግን እንደጠፋ ቀረ። የቀድሞዎቹ ጌቶች ሞዝስና ሱዛን ካርቨር አሳደጓቸው። በመንደሩ የነበረው ትምህርት ቤት ጥቁር ልጆችን የማይቀበል በመሆኑ ለመማር ሲሉ በልጅነታቸው ወደ ኒዮሾ ከተማ ሄዱ። ከዚያም የሰው ልብስ እያጠቡና ምግብ እያበሰሉ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወሩ ተማሩ። በ1891 እ.ኤ.አ. በአዮዋ የእርሻ ኮሌጅ ገብተው በ1894 የመጀመሪያ፣ በ1896 ደግሞ የማስተርስ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ።

በዚያው በ1896 እ.ኤ.አ. ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ባደረጉላቸው ጥሪ በአላባማ ግዛት ወደሚገኘው ተስኪጊ ተቋም ሄዱ። በአካባቢው ያገኙት መሬት ለብዙ ዓመታት ጥጥ ብቻ ሲዘራበት የኖረ በመሆኑ ለምነቱ ተሟጦ ነበር። አብዛኛው ጥቁር ገበሬ የሰው መሬት የሚያርስ ጢሰኛ ሲሆን፣ የምርቱን ድርሻ ለባለመሬቱ ከሰጠ በኋላ የቀረችው የዘርና የቀለብ ዕዳ ለመክፈል አትበቃውም ነበር።

ካርቨር ለዚህ ችግር ያቀረቡት መፍትሔ ከድሃው አቅም ጋር የተመጣጠነ ነበር። ይኸውም ኦቾሎኒና ሌሎች ጥራጥሬዎች ከጥጥ ጋር እየተፈራረቁ ቢዘሩ በሥራቸው ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጂንን ከአየር ወስደው ለመሬቱ ይመልሱለታል፤ ማዳበሪያ መግዛት ያልቻለ ደግሞ ቅጠልና የረግረግ አፈር አበስብሶ ይጠቀም የሚል ነው። ተስኪጊ መድረስ ለማይችለው ገበሬ ትምህርቱ እዚያው እርሻው ድረስ እንዲሄድለት በ1906 እ.ኤ.አ. የእርሻ መሣሪያና ናሙና የያዘ በእንስሳ የሚጎተት ሠረገላ ሥራ ጀመረ። በቀላል ቋንቋ የተጻፉ 44 መጽሔቶችንም አዘጋጅተዋል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጥጥን ፍሬ የሚቦረቡር ነቀዝ አላባማን ሲወርር ብዙ ገበሬዎች ወደ ኦቾሎኒ ዞሩ። ነገር ግን የተመረተውን የሚገዛ ገበያ ካልተገኘ ድካሙ ከንቱ ነው። ስለዚህም ካርቨር በቤተ ሙከራቸው ከኦቾሎኒ 300 ያህል፣ ከስኳር ድንችም ከ100 በላይ የአጠቃቀም ዘዴዎችን አወጡ። ከስኳር ድንች ካገኟቸው ውስጥ ዱቄት፣ ስታርች፣ ሙጫና ቀለም ይገኙበታል። በ1921 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርበው ስለ ኦቾሎኒ ሲያስረዱ የተሰጣቸው ጥቂት ደቂቃ በአድማጮቹ ፍላጎት እንዲራዘም ተደርጓል።

ይህ ሲባል ግን የሚነገረው ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም። የኦቾሎኒ ቅቤን የፈለሰፉት እሳቸው አይደሉም፤ ካወጧቸው ዘዴዎች ብዙዎቹ በፋብሪካ አልተመረቱም፤ የባለቤትነት ማረጋገጫ ያገኙትም ለሦስት ብቻ ነው። ትልቁ ውለታቸው ለጢሰኛው አፈሩንና ጓዳውን የሚያድስበትን መንገድ ማሳየታቸው ነው።

በ1937 እ.ኤ.አ. ከመኪና አምራቹ ሄንሪ ፎርድ ጋር ተዋወቁ። ሁለቱም የእርሻ ምርት ለኢንዱስትሪ መዋል አለበት የሚል እምነት ስለነበራቸው ወዳጅነታቸው ጠነከረ። ፎርድ በ1941 አካሉ በፕላስቲክ ገበታ የተሸፈነ መኪና ለሕዝብ ቢያሳዩም ጦርነቱ ሥራውን አቋረጠው። ከጦርነቱ በኋላም ርካሽ የነዳጅ ዘይት ገበያውን ስለያዘ ከተክል የሚሠራ ፕላስቲክ ለብዙ ዓመታት ወደ ጎን ተተወ።

ካርቨር ትዳር ሳይመሠርቱ፣ ያጠራቀሙትንም ገንዘብ በስማቸው ለተቋቋመው የምርምር ድርጅት አውርሰው በጥር 5 ቀን 1943 እ.ኤ.አ. አረፉ። የተቀበሩትም በተስኪጊ ከቡከር ቲ. ዋሽንግተን መቃብር አጠገብ ነው። በዚያው ዓመት የትውልድ ስፍራቸው ብሔራዊ መታሰቢያ ሆነ።

ዛሬ ስታርች ወደ ፕላስቲክ ፋብሪካ ሲገባ አንድ ከባድ ጥያቄ አብሮ ይነሳል፤ ለከረጢት የሚዘራው በቆሎ ለእንጀራና ለዳቦ የሚሆነውን መሬት ይሻማልና። የካርቨር ሥራ ለዚህ ቅደም ተከተሉን ያሳያል። መጀመሪያ አፈሩ ይጠገብ፤ ቀጥሎ የገበሬው ቤተሰብ ይመገብ፤ ከዚያ የተረፈው፣ በተለይም ገለባውና ልጣጩ፣ ለፋብሪካው ይዋል። አፈሩን አራቁቶ የሚገኝ ፕላስቲክ፣ ቢበሰብስም እንኳ ለገበሬው ትርፍ አይሆነውም።