አቶ ይድነቃቸው ተሰማ እና የተጫዋች ዝውውር ጥያቄ

በማኔጅመንት ትምህርት ክፍላችን ስለ ሰው ኃይል አስተዳደር ስንማር ምሳሌዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ናቸው። እኔ ግን ያደግሁት ቁስቋም ነው፤ በእኛ ሰፈር ቅጥር ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ኳስ ነው። እገሌ ፈረመ፣ ስንት ተከፈለው፣ ያዋጣል አያዋጣም ሲባል ይመሻል። ይህንኑ ጥያቄ በአህጉር ደረጃ የመዘኑት ኢትዮጵያዊ ግን ራሳቸው አንድም ቀን ክለብ ያልቀየሩ ሰው ናቸው፤ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ።

አቶ ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ድምፁን በሸክላ በማስቀረጽ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተብለው የሚታወቁት ናቸው (ልጃቸው ደግሞ በእግር ተጠሩ)። የተማሩት ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነው፤ ከቁስቋም ወደ ስድስት ኪሎ ለሚወርድ ሰው ሩቅ አይደለም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ሲመሠረት ገና ታዳጊ ነበሩ። ከዚያ እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ የሌላ ክለብ ማልያ አልለበሱም። ይህን ታማኝነት ሁላችንም እናደንቃለን፤ ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በዚያ ዘመን ዛሬ የምናውቀው ዓይነት የፊርማ ገንዘብ አልነበረም። ፈተናው ሳይመጣ ማለፍ ይቀላል።

ፈተናው የመጣው በኋላ፣ በአመራርነታቸው ጊዜ ነው። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ካፍን ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ፤ በ1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ አሠልጣኙ እሳቸው ነበሩ፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ካፍን በፕሬዚዳንትነት መሩ። ያን ጊዜ አውሮፓ የአፍሪካን ተጫዋቾች መውሰድ ጀምሯል። ሞዛምቢክ የተወለደው ኢዩዜቢዮ እ.ኤ.አ. በ1966 የዓለም ዋንጫ 9 ግብ ያገባው ለፖርቹጋል ነው። ማሊያዊው ሳሊፍ ኬይታ በ1967 ፈረንሳይ ገባ። ካፍም ከ1965 ጀምሮ አንድ ብሔራዊ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ ከውጭ ከሚጫወቱት ከሁለት በላይ እንዳያሰልፍ ደንግጎ ነበር።

አቶ ይድነቃቸው የዚህ ሐሳብ ዋና ጠበቃ ነበሩ። ሒሳባቸው ግልጽ ነው፦ ምርጡ ከሄደ የአገር ውስጥ ውድድር ይደክማል፣ ተመልካች ይሸሻል፣ ቀጣዩም ልጅ ከማን ይማራል? አፍሪካ ወይ ልጆቿን ይዛ በትዕግሥት ታድጋለች፣ ወይ ለሌላው ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ሆና ትቀራለች የሚል አቋም ነበራቸው።

በእኔ አመለካከት ከዚህ ሒሳብ አንድ ሰው ጎድሏል፤ እሱም ተጫዋቹ ነው። ኳስ ቢበዛ የአሥር አሥራ አምስት ዓመት እንጀራ ነው። ልጁ ቤተሰቡን ሊጦር ሲፈርም፣ በአህጉር ስም ቅር ብለሽ ቅሪ የምትባለው እናቱ ነች። ደግሞም ምርጦቹ የቀሩበት ዋንጫ የማን ዋንጫ ነው? ገደቡ እ.ኤ.አ. በ1982 ተነሣ፤ በእሳቸው ፕሬዚዳንትነት ዘመን መሆኑ ነው። እንዴት እንደከበዳቸው መገመት አያቅትም።

ነሐሴ 1979 ዓ.ም. አረፉ። ከ8 ዓመት በኋላ በቦስማን ጉዳይ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ውሉ ያለቀ ተጫዋች ያለ ክፍያ መሄድ ይችላል ብሎ ወሰነ፤ በሩ ጨርሶ ተበረገደ። የእሳቸው ሥጋት ግን ሜዳ ላይ አልቀረም። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ደንብ ተጫዋች በውሉ መሐል ወደ ሌላ አገር ሲሸጥ ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ላሳደጉት ክለቦች እንዲከፋፈል ተደረገ። ይህን ለማግኘት ግን ክለቡ ማንን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንዳሠለጠነ በሕጋዊ ምዝገባ ማሳየት አለበት። በእኛ ሰፈር ቡድኖች ማልያ የሚያጥብ እንጂ መዝገብ የሚይዝ እስካሁን አላየሁም።