ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት፦ የጎጃም ገዥ፣ የአዲስ አበባ ነጋዴ

ፍኖተ ሰላም፦ ከቡሬ እስከ ደብረ ማርቆስ ባለው አገር ራስ ኃይሉ ሲነሡ ግብራቸው አብሮ ይነሣል። አባታቸው ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ እጅ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆነው ዘውድ ደፍተዋል። ልጃቸው ኃይሉም በኋላ ጎጃምን በራስነት ገዝተዋል።

ከዘመናቸው መኳንንት የሚለያቸው ነጋዴነታቸው ነው። ገበሬው በእህል፣ በማርና በጉልበት ይከፍለው የነበረው ግብር በእርሳቸው ዘመን እየቆየ ወደ ጥሬ ብር ዞረ። ብሩ ጎተራ ውስጥ አልተቀመጠም። አዲስ አበባ ላይ የኪራይ ቤት ሆነ፤ ታክሲ ሆነ፤ ሲኒማ ቤትም ሆነ። በ1916 ዓ.ም አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን ተከትለው አውሮፓን ጎበኙ።

ለንግድ ያላቸው ትጋት በራሱ የሚያስነቅፍ አይደለም። ችግሩ ግብር ጣዩና አትራፊው አንድ ሰው መሆናቸው ነበር። ግብር የከበደበት ገበሬ አቤት የሚለው በዚያው ሰው ደጅ ነው። የጎጃም ብርም ዓባይን ተሻግሮ ሌላ ከተማ አለማ። ዛሬም በመንግሥት የልማት ድርጅቶች የሥራ አመራር ቦርድ ውስጥ ሹማምንት መቀመጣቸው የተለመደ ነው። የዛሬው ቦርድ በሕግ የተቋቋመ ስለሆነ ከራስ ኃይሉ ጋር አይመሳሰልም፤ ተቆጣጣሪውን ማን ይቆጣጠረዋል የሚለው ጥያቄ ግን አንድ ነው።

የራስ ኃይሉን ውድቀት ያመጣው የገበሬው እሮሮ ብቻ አይደለም። ልጃቸው ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል የልጅ ኢያሱ ባለቤት ነበሩ። በ1924 ዓ.ም ኢያሱ ከፍቼ እስር ሲያመልጡ ራስ ኃይሉ ረድተዋል ተብለው ተከሰሱ። የሞት ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠላቸው፤ ሀብታቸው ተወረሰ፤ ጎጃም ለራስ እምሩ ተሰጠ።

ጣሊያን ሲገባ ነፃ ወጥተው ከወራሪው ጋር ሠሩ። በ1933 ዓ.ም፣ ንጉሠ ነገሥቱ በጎጃም በኩል ሲመለሱ፣ ጣሊያን ሕዝቡን እንዲይዙለት ወደ አገራቸው መልሶ ላካቸው። ቡሬ በየካቲት ተለቀቀች፤ ደብረ ማርቆስም ተከተለች። ራስ ኃይሉ በዚያው ለንጉሠ ነገሥቱ እጅ ነሡ። ከዚያ በኋላ ወደ ጎጃም ገዥነት አልተመለሱም፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያ አረፉ።