ኅሩይ ወልደ ሥላሴና የጃፓን አቡጀዲ

እንጅባራ፦ አቡጀዲን የማያውቅ የገጠር ቤት የለም። ለትራስ፣ ለፍራሽ ልባስ፣ ለከፈን ሳይቀር የሚውለው ይህ ጨርቅ በአያት ቅድመ አያት ዘመን የሩቅ ሀገር ሸቀጥ ነበር። ቀድሞ ከአሜሪካ ይመጣ ነበር፤ በ1920ዎቹ አጋማሽ ግን ወደ ኢትዮጵያ ከሚገባው የጥጥ ጨርቅ አብዛኛው ከጃፓን ፋብሪካዎች የወጣ ሆነ። የጃፓን ኩባንያዎች የዓለምን ገበያ በዚያ ብርታት መያዝ በጀመሩበት ወቅት ኢትዮጵያን ወክለው ጃፓንን የጎበኙት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው።

ኅሩይ በ1870ዎቹ መጀመሪያ በሸዋ መርሐቤቴ ተወለዱ። በቤተ ክህነት ትምህርት አድገው በእንጦጦ ራጉኤል አገለገሉ፤ ከዚያም ወደ ቤተ መንግሥት ሥራ ገቡ። እንግሊዝን፣ አሜሪካንና አውሮፓን ከመልእክተኞች ጋር ዞረው አይተዋል። የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መርተዋል፤ ጎሐ ጽባሕ የተባለ ማተሚያ ቤት አቋቁመዋል፤ ወዳጄ ልቤንና ሐዲስ ዓለምን የመሰሉ መጻሕፍትንም ደርሰዋል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆኑ ብዙ ያነበቡ፣ ብዙ ያዩ ሰው ነበሩ።

በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በተከበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ላይ ጃፓን ተወካይዋን ልካ ነበር። በማግሥቱ ወር ሁለቱ ሀገራት የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። በዚያ ትውልድ ለነበሩ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ጃፓን ከሌላው የውጭ ሀገር ሁሉ የተለየች ነበረች። ከዓድዋ ድል 9 ዓመት በኋላ ሩሲያን አሸንፋለች፤ ነጻነቷን ሳታስደፍር በአንድ ትውልድ ዕድሜ የፋብሪካ ሀገር ሆናለች። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ያረቀቁት የ1923ቱ ሕገ መንግሥት እንኳ የጃፓንን ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ነበር።

ኅሩይ በጥቅምት 1924 ዓ.ም. መጨረሻ ኮቤ ወደብ ደረሱ። አቀባበሉ ታላቅ ነበር። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተገናኙ፤ ከተሞችንና ፋብሪካዎችንም ጎበኙ። ደማቁ አቀባበል ግን በጭንቅ ላይ በነበረች ሀገር የተደረገ ነው።

ጃፓን ለውጭ ገበያ ከምታቀርበው ዋነኛው የሐር ክር ነበር፤ ዋና ገዢዋም አሜሪካ። የሐር ትሉን በቅጠል እየቀለበ የሚያሳድገው ገበሬ ነው። በ1922 ዓ.ም. የአሜሪካ ገበያ ሲናጋ የሐር ዋጋ ወደቀ፤ ኑሮውን በአንድ ምርት ላይ የጣለው የጃፓን ገጠር ባዶ እጁን ቀረ። ይህን ለአዊ አርሶ አደር ማስረዳት አያሻም። በፋግታ ለኮማና በዙሪያው የዲከረንስ ዛፍ በበሽታ ሲመታ በከሰል ሽያጭ ይኖር የነበረ ቤተሰብ ምን እንደገጠመው የሚያውቀው ያውቀዋል።

የጥጥ ኩባንያዎቹ ግን ከወደቀው ሐር ጋር አልወደቁም። መላው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። ሳኪቺ ቶዮዳ የተባለው የአናጢ ልጅ የሠራው ሽመና መሣሪያ ክር ሲበጠስ በራሱ ይቆማል፤ ስለዚህ አንዲት ሠራተኛ በርካታ መሣሪያዎችን መጠበቅ ትችላለች። ሴቶች ሌሊት እንዳይሠሩ የሚከለክለው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1929 ሥራ ላይ ሲውል ኩባንያዎቹ ያጡትን ሰዓት በተሻለ መሣሪያ ለማካካስ ሠሩ። የሕንድን ርካሽ ጥጥ ከአሜሪካው ጋር አዋህደው ፈተሉ። ታላላቆቹ የንግድ ድርጅቶች ጥጡን ከባሕር ማዶ ይገዛሉ፣ ጨርቁንም እስከ ሩቅ ወደብ ወስደው ይሸጣሉ። በታኅሣሥ 1924 ዓ.ም. ጃፓን ገንዘቧን ከወርቅ ስትለይ፣ የየን ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከዶላር አንጻር ከግማሽ በላይ ወረደ፤ ጨርቋም በውጭ ገበያ ረከሰ። እ.ኤ.አ. በ1933 ጃፓን በጥጥ ጨርቅ ሽያጭ መጠን እንግሊዝን በለጠች። በዚያው ዓመት የቶዮዳ ኩባንያ የመኪና ክፍል ከፈተ፤ ዛሬ የእንጅባራ መንገድ የሚያውቀው ቶዮታ ከዚያ የመጣ ነው።

የዚህ ሁሉ ወጪ ግን በማን ጫንቃ ላይ እንዳረፈ መርሳት አይገባም። በፋብሪካዎቹ የሚሠሩት አብዛኞቹ የገበሬ ሴት ልጆች ነበሩ፤ በኩባንያው ማደሪያ እየኖሩ በትንሽ ደመወዝ ያገለግሉ ነበር።

እንግሊዝ ዝም አላለችም። በሕንድ ቀረጡን እስከ 75 በመቶ አደረሰች፤ በቅኝ ግዛቶቿም የጃፓን ጨርቅ በኮታ እንዲገደብ ወሰነች። ኩባንያዎቹ በሩ ያልተዘጋባቸውን ገበያዎች ፈለጉ። ኢትዮጵያ የማንም ቅኝ ግዛት አልነበረችም። እንግሊዛዊው ቆንስል ሻለቃ ቺዝማን ዳንግላ ላይ ተቀምጦ በነበረበት በዚያ ዘመን የሀገሪቱ ገበያ ለጃፓን ጨርቅ ክፍት ሆኖ ቆየ። ቡናና ቆዳ ረክሶበት ለነበረው ገበሬ ርካሽ ልብስ እፎይታ ነበር። ለሸማኔውና ፈትላ ለምታድረው ሴት ግን ብርቱ ተፎካካሪ መጣባቸው።

ኅሩይ ከጉዞው ሲመለሱ ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተሰኘውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1934 በጃፓንኛም ተተርጉሞ ወጣ። መጽሐፉ የጃፓንን ሥልጣኔ ያደንቃል፤ የሁለቱን ሀገራት የዘውድ ጥንታዊነትና መመሳሰልም ያነሳል። መመሳሰሉ እውነትነት ነበረው። ነገር ግን ጃፓንን ያስጨበጨበላት የዘውዷ ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ያ ክር ሲበጠስ የሚቆመው መሣሪያ ነበር፤ እርሱ ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ አልመጣም። የመጣው ጨርቁ ነው።

የወዳጅነቱም ዕድሜ አጭር ሆነ። ጣሊያን ሀገሪቱን ስትወር ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ጃፓን ማንቹሪያ ላይ ያላት ይዞታ በጣሊያን ዘንድ እውቅና እንዲያገኝ ስትል የአዲስ አበባ ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላ ለወጠች፤ የጣሊያንንም ወረራ ተቀበለች። የብርሃን ማደሪያ ብለው መጽሐፍ የጻፉላት ሀገር ይህን ስታደርግ ኅሩይ በሕይወት ነበሩ።

በመስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሀገር ባዝ ከተማ በስደት ላይ እንዳሉ አረፉ። ከነጻነት በኋላ አጽማቸው ወደ ሀገሩ ተመልሶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። ለዚህ ክልል የደረሰው ታላቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባሕር ዳር ላይ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ የተሠራውም ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነበር።